አንድ መኪና ቀይ ጠጠር

እናቴ በአንድ ክረምት ከደጃፋችን ሁለት ጊዜ ወደቀች። መጀመሪያ ስትወድቅ ሳቀች፤ «መሬቱ ናፍቆኝ ነው» አለችኝ። በሁለተኛው ግን ግራ እጇ ተሰበረ፣ ግንባሯም ተፈነከተ። ሐኪሙ እጇን በጀሶ አሰረው፣ ግንባሯን ሰፋው፣ «ለሦስት ሳምንት ውሃ እንዳይነካት» ብሎ አሰናበተን። እኔም የዚያኑ ዕለት ጠጠር ልገዛ ቆረጥኩ።

መዘግየቴን አውቃለሁ። ሆጤ ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ጭቃ ብርቁ አይደለም፣ የእኔ ግቢ ግን ይብሳል። ከበሩ እስከ ቤቱ ደረጃ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በነሐሴ ያንን ሃያ እርምጃ የሚያልፍ ሰው ግድግዳ ተደግፎ፣ ቢስሚላህ ብሎ ነው። ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ። ሥራ ለቅቄ እዚህ ከገባሁ ወዲህ «ዘንድሮ አስተካክለዋለሁ» እያልኩ አራት ክረምት አሳለፍኩ። ያውም ሰማንያ ያለፋት፣ አንድ ዓይኗን ሞራ የጋረደባት፣ ሁለተኛውም የደከመባት እናት ይዤ።

ጎረቤቴ ፀሐይነሽ የቅሬያችን ጸሐፊ ናት። ለቅሶም ሰርግም በቅሬ ስለምንረዳዳ በመንደሩ እሷ የማታውቀው ሰው የለም፤ አሸዋና ጠጠር የሚያገናኘውን ደላላ፣ አግማስን፣ ይዛልኝ የመጣችውም እሷ ናት። አግማስ የግቢዬ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ጭቃውን አየ፣ ቀጥሎ የራሱን ጫማ አየ፣ ከዚያ ወዲያ አልገባም።

«ምን ዓይነት ጠጠር ነው የፈለጉት፣ እትዬ መዲና?»

«ሰው የማይጥል።»

ሳቀና በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር። ማሽን የፈጨው ጥቁሩ ጠጠር ለኮንክሪት ነው፤ ግቢ ላይ ብቻውን ከተነጠፈ ከእግር ሥር ይሸሻል፣ ስለቱም ለአሮጊት እግር አይሆንም። ለእኔ የሚሻለኝ ገረጋንቲ ነው። ከኮረብታ ተቆፍሮ እንዳለ የሚጫን ቀይ ጠጠር ነው፣ ከአፈሩ ጋር ስለሚመጣ ዝናብ ሲመታውና ሲረገጥ እየጠበቀ ይሄዳል። ለዚህ ግቢ አንድ መኪና ይበቃል አለኝ።

«ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከደጋን በላይ ዘንድሮ የተከፈተ የጠጠር መቆፈሪያ ካባ አለ። ገና ከላይ ከላይ ነው የሚቆፈረው፤ ንጹሕ ነው።»

ደጋን ሲል ደስ አለኝ። የተወለድኩት ከደጋን ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። የአገሬ አፈር ግቢዬ ድረስ ሊመጣልኝ ነው ብዬ ዋጋ መከራከሩን እንኳ ተውኩት። ፀሐይነሽ በክርኗ ጎሰመችኝ። በዋጋ ስረታ ያየችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እማ፣ ጠጠሩ ከደጋን ነው የሚመጣው» አልኳት ስገባ።

«ማሻ አላህ» አለች። ቀጥላም፣ «ሳዲቅስ ደወለ?» አለችኝ።

«ደውሎ ነበር። ተኝተሽ ነው እንጂ።»

አልደወለም። ከደወለ ሁለት ወር አልፎታል። ሳዲቅ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የአባታችንን መሬት ይዞ አገር ቤት የቀረው እሱ ነው። ሳይደውል ደውሏል፣ ሳይልክ ልኳል ማለት ልማዴ ሆኖ ነበር። ሳዲቅ የላከልሽ ሽንኩርት ነው ብዬ ከገበያ የገዛሁትን ስንት ጊዜ አብስዬላታለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል በሰው ቤት የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ እናቴ ፊት እንዳያንስብኝ ነበር የምዋሸው።

እማ ከእሱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባባ የተቀበረው ከእርሻችን በላይ ካለችው ኮረብታ ላይ፣ ከወይራው ሥር ነው። «እርሻዬን እያየሁ ልተኛ» ያለው ራሱ ነው። ሲሞት እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ሳዲቅ ደግሞ አሥራ ሁለት። እማ፣ እኔና እሱ ከታች ካለው ወንዝ አንድ አንድ ነጭ ድንጋይ ተሸክመን ዳገቱን ወጥተን መቃብሩ ዙሪያ አስቀመጥን። ከዚያ ወዲህ በየአረፋው እየጨመርን ድንጋዩ ወደ አርባ ደርሶ ነበር። መንገዱ ሲከፋ፣ የእማም ዓይን ሲደክም መሄዱን አቆምን። እሷ ግን ከመቃብሩ በስተቀኝ ለራሷ ያስቀረችውን ቦታ ለአንድ ቀን አልረሳችም። ሳዲቅ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቦታዬ አለ?» ነው። እሱም ጉልበቷን ይዞ፣ «ወላሂ እማ፣ እኔው በእጄ ነው ከጎኑ የማስተኛሽ» ይላታል። ይህን ከሰማች ያን ሳምንት ምግብ ይበላላታል።

ግንቦት ላይ መጥቶ ከብት እየገባ መቃብሩን ረገጠው ሲለኝ፣ አንድ ጥቅል የአጥር ሽቦ ገዝቼ አስይዤው ነበር። በስልክ «አጠርኩት፣ አምሮበታል» አለኝ። እኔም ለእማ ነገርኳት። እዚህ ላይ እንኳ የዋሸሁ አልመሰለኝም።

መኪናው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲኖው ወደ ቅያሳችን ለመግባት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመላለሰ። የፀሐይነሽን አጥር ሊነካ ሲል እሷ መሐል ገብታ ቆመች፤ ሹፌሩ መሪውን ትቶ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለመናት። ገልብጦ ሲሄድ በሩ ላይ የሰው ቁመት የሚያክል ቀይ ክምር ቀረ። ሁለት የቀን ሠራተኞች በአካፋ እየዛቁ ከበሩ እስከ ደረጃው አነጠፉት። እግሬን አሳርፌ ሞከርኩት፤ አይሸሽም፣ አይሰምጥም። አራት ክረምት ምን ነክቶኝ ነው አልኩ።

ከቀዩ መሐል ክብና ነጭ ድንጋዮች ብቅ ብቅ ሲሉ አየሁ። ቀዩ ሸካራ ነው፤ እነዚህ ግን ልሙጥ ናቸው።

«እንቁላል ይመስላሉ» አለች ፀሐይነሽ።

እማን ያንሸራትቷታል ብዬ ሠራተኞቹን አስቆምኩና አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። አሥራ አንድ ሆኑ። መጣል አሳዘነኝ፤ ጽጌረዳውና ጤና አዳሙ ያለበትን መደብ ዙሪያውን ደረደርኳቸው። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜ አየሁት። አምሮ ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንዳልታወቀኝ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሰው ያልጠረጠረውን አያይም መሰለኝ።

እማ ውሃ ከተከለከለች ወዲህ ለሰላት የምትዘጋጀው በተየሙም ነበር። ንጹሕ አፈር ወይም ድንጋይ በእጇ መታ ታደርግና በውሃው ፈንታ ፊቷንና እጇን ታብስበታለች። እኔ ከግቢ በሳህን የማመጣላትን አፈር ግን «ዶሮ የረገጠው ነው» እያለች በደንብ አታምነውም። ጠጠሩ መምጣቱን ስትሰማ፣ «ከአዲሱ፣ እግር ሳይነካው፣ አንድ ድንጋይ አምጪልኝ» አለችኝ። ከደረደርኳቸው ትልቁን አነሳሁና ቀይ አቧራውን ሳላራግፍ ሰጠኋት።

የአሱር ሰላት ሰዓት ደርሶ ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቢስሚላህ ብላ በደህናው እጇ ድንጋዩን መታችና ፊቷን አበሰች። ደግማ ልትመታ ስትል እጇ ቆመ። ድንጋዩን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። በአንዱ ጎኑ ውሃ የቦረቦረው ትንሽ ስርጉድ አለው። አውራ ጣቷ እዚያ ገባና ልክ ሆነ።

«መዲና።»

«አቤት፣ እማ።»

«ይኼ ድንጋይ ከየት ነው?»

«ከጠጠሩ ውስጥ ነው።»

«የእኔ ነው።»

«እንዴት ያንቺ?»

«ለአባትሽ ያስቀመጥኩት። ከወንዙ ዳር ስፈልግ ውዬ ያገኘሁት። በነጠላዬ አቅፌው ዳገቱን ስወጣ ጣቴ እዚህ ነበር።»

«እማ፣ ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ዓይንሽ ደክሞ ነው።»

«ዓይኔ ነው የደከመ፤ እጄ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን መለሰችና ሰላቷን ሰገደች። ድንጋዩን ግን አልመለሰችልኝም።

ወጥቼ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። አሥሩ ድንጋዮች ከጽጌረዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ በገዛ እጄ እንዳስቀመጥኳቸው። አንዱን ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ግራጫ መስመር ዞሮበታል። ያንን መስመር አውቀዋለሁ፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ይኼ ቀበቶ የታጠቀ ይመስላል ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ አግማስ ዘንድ ደወልኩ።

«አግማስ፣ ካባው የትኛው ነው? ቦታውን ንገረኝ።»

«ምነው፣ ጠጠሩ አልተስማማዎትም?»

«ቦታውን።»

«ከመንገዱ በላይ ያለችው ኮረብታ ናት። አናቷ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረባት። አሁን ወይራው የለም።»

«መቃብርስ አልነበረባትም?»

«እትዬ፣ እኔ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ነው የምደርሰው። ባለ መሬቱ ፈርሞ ነው የሰጠው ብለውኛል።»

ማታ ለእማ ምንም አላልኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ጠዋት ጫማዋን ላደርግላት ስጎነበስ እግሯን ሰበሰበች።

«ያለ ጫማ ነው የምወጣው።»

«ብርድ ነው እኮ፣ እማ።»

«የሞተ ሰው ያለበት በጫማ ይረገጣል?»

ክንዷን ይዤ በባዶ እግሯ ጠጠሩ ላይ ቀስ ብለን ወጣንና ተመለስን። ሶፋው ላይ ካስቀመጥኳት በኋላ፣ «ሂጂና እይልኝ» አለችኝ። ፀሐይነሽን ከእሷ ጋር አስቀምጬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። ከበሩ ውጪ ተጫማሁ።

በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ከዚያ በሌላ ደጋን። መንገዱን ሁሉ ለወንድሜ ምክንያት ስፈልግለት ነበር የሄድኩት። በግድ ወስደውበት ይሆናል። ታሞ ይሆናል። መቃብሩን አንስቶ ሌላ ቦታ አሳርፎት፣ እማ እንዳትደነግጥ ብሎ ይሆናል የደበቀን። ከመኪና ወርጄ ቀና ስል ኮረብታዋ ከመሐሏ ተቆርሳ የቀረች ድፎ መስላ ቆማለች። አናቷ የለም። ቆፋሪው ማሽን ወይራው የነበረበት ቦታ ላይ፣ አየር ላይ ሊባል በሚችል ቦታ፣ ክንዱን እያወጣ ያወርዳል። ከሥሯ ስድስት መኪና ተሰልፏል። የቀረው ሠላሳ ድንጋይ የማን ግቢ እንደገባ አላህ ይወቀው።

የሳዲቅን ሱቅ ሰው ሳልጠይቅ አገኘሁት። አስፋልቱ ዳር ነው፣ ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል። ሱቅ መክፈቱን አልነገረኝም ነበር። ከሱቁ ጎን የሽንኩርት ክምር አለ፤ ፍየል እንዳይበላው ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። ሽቦው የእኔ ነው። የሻጩ ሰማያዊ ምልክት እንኳ ከጥቅሉ ጫፍ አልተነሳም።

«እትዬ!» ብሎ ከሱቁ ወጣ። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «እማ ደህና ናት?»

«አባባ የት ነው?»

«ተቀመጪ እስቲ፣ ውሃ ላምጣ…»

«አባባ የት ነው፣ ሳዲቅ?»

ወንበር ስቦ እሱ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ።

«በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው» አለ። «ዛሬ እምቢ ብል ነገ ይወስዱት ነበር። እኔ ቀድሜ ብሰጥ ካሳውን እንኳ አገኛለሁ ብዬ ነው። ኮረብታው ማሽላ አያበቅል፣ ሣር አያበቅል። አምስት ልጅ አለኝ፣ እትዬ።»

«መሬቱን አልጠየቅኩህም።»

«መቃብሩን እንዳነሳ አንድ ሳምንት ሰጡኝ። ሼኹን አናግሬ ሐሙስ ልናነሳው ተቀጣጥረን ነበር። እነሱ ማክሰኞ ጀመሩ።»

«አንተ ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«ኮምቦልቻ።»

«ምን ልታደርግ?»

ወደ ላይ አየ። ያን ቀን ሊገዛ የሄደውን ቆርቆሮ ነበር ያየው።

«አጥንቱስ?» አልኩት።

ከወንበሩ ሥር የወደቀ የሽንኩርት ልጣጭ አነሳ።

«ሳዲቅ፣ የአባባ አጥንት የት ነው?»

«ስመለስ መኪኖቹ ብዙ ነበሩ» አለ።

ያን ጊዜ ልጮህበት እችል ነበር። መንገደኛ አለ፣ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ግን አልጮህኩም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔ የወደቅኩት ዛሬ አልነበረም፤ ከወደቅኩ ወራት አልፈውኝ ሽቦ እየገዛሁ ነበር።

«እንዴት ሰጠኸው?» አልኩት በመጨረሻ። «የመሬት ደብተሩ ላይ የእማ ስም አለ። ያለ እሷ አይሆንም።»

«እማ ጣቷን አኑራለች እኮ» አለ። ቀጥሎም አንገቱን ደፍቶ፣ «አንቺም ነበርሽ» አለኝ።

ነበርኩ። ጥር ላይ ነው። ሳዲቅ ቦርሳ የያዘ ሰው አስከትሎ ሆጤ መጣ፣ የመሬት ደብተር እየታደሰ ነው አለ፣ ወረቀት ዘረጋ። እኔ ምሳ ላቀርብ ሽር ጉድ እል ነበር። እማ ወረቀቱን በጣቷ ዳበሰችና፣ «አንብቡልኝ» አለች። መነጽሬ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛውን ወረቀት ሁሉ አንብቤ የማስረዳው እኔ ነበርኩ፤ ያላነበብኩት ላይ ፈርሜ አላውቅም። ግን ወንድሜ ነው። እንግዳ ሰው ፊት የወንድምን ወረቀት በመነጽር መመርመር፣ አላመንኩህም ማለት ነው፤ ነውር ነው። «እማ፣ ልጅሽ እኮ ነው» አልኳት። አውራ ጣቷን እኔ ይዤ ቀለሙ ላይ አሳረፍኩት፤ እኔው ወረቀቱ ላይ ተጫንኩት። ከዚያ ጣቷን በሎሚ አጠብኩላት። እነሱም ምሳ በሉ።

«ለእማ አትንገሪያት» አለኝ ሳዲቅ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ትሞትብናለች። አብሽሪ፣ እኔ አስቤበታለሁ። ቀኗ ሲደርስ እዚሁ መንደር ካለው መቃብር እናሳርፋታለን፤ ከጎኑ ነሽ እንላታለን። ዓይኗ አያይ። ማን ይነግራታል?»

እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ እሺ ልለው ነበር። ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ደውሏል፣ ልኳል፣ አጥሮታል ማለትን የማውቅ ሴት፣ ከጎኑ ነሽ ለማለት ምን ይገደኛል? ራሴን የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሱቁን ዝጋ» አልኩት። «አብረን እንሄዳለን። ራስህ ትነግራታለህ።»

«እትዬ፣ በአላህ…»

«ዝጋው።»

በሚኒባሱ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጥን። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስንቀይር ታሪፌን ሊከፍልልኝ እጁን ዘረጋ፤ ቀድሜው ከፈልኩ። ዳገቱን ስንወጣ ጉም ነበር። ማንም ያየን ሰው ወንድምና እህት አይለንም።

ቤት ስንደርስ ፀሐይነሽ ሳዲቅን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እማ ሶፋው ላይ ነበረች። ድንጋዩ ጭኗ ላይ ነው። ሳዲቅ ደረጃው ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እማ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምኑን ነው አፉ የምልህ?» አለችው። «መጀመሪያ ንገረኝ።»

ነገራት። ያዳፈነው ነገር አልነበረም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ሰዎቹን፣ ወረቀቱን፣ ማክሰኞን፣ ቆርቆሮውን። ሲጨርስ ያለቅስ ነበር። እኔም የቀረውን ልጨምር አፌን ከፈትኩ።

«እማ፣ ጣትሽን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት…»

«አንብቡልኝ ብዬ ነበር» አለች።

ከዚህ ሌላ አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም። ተቀመጥኩ።

የእማ አውራ ጣት ከድንጋዩ ስርጉድ ውስጥ አልወጣም። ከዚያ፣ «ሲያነሱት አጠገቡ ማን ነበረ?» አለችው።

«ማንም፣ እማ።»

«ከቁርኣኑ አንድ ያሲን እንኳ የቀራለት የለም?»

«የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። «አፉ ብዬሃለሁ» አለችው።

እንደዚህ ቶሎ ትለዋለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ፣ ቀኑን በሁለት መኪና ተመላልሼ፣ እሱ በአንድ ቃል ተለቀቀ። እናቴም ከዳችኝ አልኩ በሆዴ። ሳዲቅ ድንጋዩን የያዘውን እጇን ሊስም አንገቱን ዘለግ አደረገ። እጇን ሰበሰበች።

«አፉ ያልኩህ ኮረብታውን ነው» አለችው። «ድንጋይ ነው፣ ልጆችህን አብላበት። ቦታዬንም አፉ ብያለሁ፤ የትም አፈር አፈር ነው። የአባትህን ግን እኔ አፉ ልልህ አልችልም፤ የእኔ ሐቅ አይደለም። ያንን ከእሱ ጋር ስትገናኝ ጠይቀው።»

«እማ…»

«አልጨረስኩም። እኔ ስሞት ጉድጓዴ ውስጥ እንዳትወርድ። ወንድ ልጅ ነኝ ብለህ እንዳትሰለፍ። የፀሐይነሽ ቅሬ ሰው አያጣም፤ ማንም ይቀበለኝ፣ አንተ ግን እንዳትነካኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ሰምተሻል፣ መዲና። ይኼን ድንጋይ ራስጌዬ ታደርጊዋለሽ።»

«ሰምቻለሁ፣ እማ።»

ሳዲቅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል። ምናልባት ይለምናታል፣ ምናልባት እሱም ተቆጥቶ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሊመሽ ነው፣ መኪና ያመልጠኛል አለና ተነሳ። ምግብ ብላ አላልኩትም። በሕይወቴ ከቤቴ ሳይበላ የሸኘሁት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። እማ ጆሮዋን ወደ ውጪ አዘነበለች። ጠጠሩ ላይ የሚሄድ ሰው ይሰማል፤ እኔ ከሶፋው ሆኜ ሰማሁት፣ እሷ ግን በዚህ ላይ የሚያረጋግጥላት ሰው ፈለገች።

«መዲና፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሄደው?»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሳዲቅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር አስሮ ነበር የተነሳው። መሐል ደርሷል። ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየና እርምጃውን ፈጠን አደረገ፣ ቀዩ ጠጠር ከጫማው ሥር እየተፈናጠረ። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ እሱ ስትጠይቀኝ የምመልስላትን መልስ አውቀዋለሁ። ምላሴ ላይ ነበር።

«አላወለቀም፣ እማ» አልኳት።